ሐዋሳ ላይ የትኛው ሶላር ይሻላል? ከዕቃው በፊት ድጋፉን እዩ

ሐዋሳ ውስጥ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሶላር ሴል (ፓነል የሚሠራበት ቁራጭ) ይመረታል። ቶዮ የተባለው ኩባንያ የተከለው ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር አቅሙ በዓመት 2 ጊጋዋት (2,000 ሜጋዋት) ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጊቤ ሦስት እንኳ 1,870 ሜጋዋት ነው። ሶላር ቀን ቀን ብቻ ስለሚሠራ ሁለቱ እኩል ይመዘናሉ ማለቴ ግን አይደለም።

አሁን ፒያሳ ወርዳችሁ ለጣሪያችሁ ፓነል ጠይቁ። የሚሸጥላችሁ ከውጭ የመጣ ነው። እዚሁ ከተማ የተሠራው ሴል ደግሞ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ዋናው ገበያው አሜሪካ ነው።

ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል እንጂ አይደለም። አሜሪካ ከካምቦዲያ፣ ከማሌዥያ፣ ከታይላንድና ከቬትናም በሚመጣ ሶላር ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች። እ.ኤ.አ. በ2025 በአንዳንድ የካምቦዲያ አምራቾች ላይ የተወሰነው ቀረጥ ከ3,500 በመቶ በላይ ነው። ቬትናም ውስጥ ያመርት የነበረ ኩባንያ ሌላ አገር ቢያማትር አይፈረድበትም። በእኛ በኩል ደግሞ መንግሥት ምርቱን ወደ ውጭ ለሚልክ አምራች ማሽንና ጥሬ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ያስገባል፤ የገቢ ግብር እፎይታም ይሰጣል። መብራቱም ርካሽ ነው። የአንዱ መንግሥት ቅጣትና የሌላው መንግሥት ማበረታቻ ሐዋሳ ላይ ተገናኙ።

እንዲህ ያለ ዕድል እንደመጣ ሊሄድ ይችላል። ሐዋሳ ይህን ቀምሳዋለች። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ፋብሪካዎች መናኸሪያ ነበር። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጎዋ (ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ስትሰረዝ አንዳንድ ትልልቅ ኩባንያዎች ለቀው ሄዱ፤ ሥራውን ያጣው ሰው ብዙ ነው።

የፋብሪካው ነገር ለእናንተ ግዢም ይሠራል። ሱቅ ውስጥ የትኛው ዕቃ እንደሚበዛ፣ የትኛው እንደሚወደድ፣ የትኛው በብድር እንደሚገኝ የምትወስነው ፀሐይ ብቻ አይደለችም። መንግሥት እጁን ያሳረፈበት ቦታ ይወስናል። ስለዚህ ብራንድ አላወዳድርም። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን ላስቀምጥ፤ አማራጮቹን ከዚያ እንያቸው።

መመዘኛዎቹ

1. መብራት አላችሁ ወይስ የላችሁም? ካላችሁ በቀን ስንት ሰዓት ይጠፋል? ሌሎቹ ጥያቄዎች በሙሉ ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

2. ድጋፉ የት ላይ ነው? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው።

ለከተማ ሰው ትልቁ ድጎማ ያለው ሶላር ላይ አይደለም፤ ቆጣሪው ላይ ነው። የመብራት ታሪፍ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ነው መጨመር የጀመረው። ያኔም ቢሆን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ ሆኖ ቀጠለ። በዚያ ክለሳ መጨረሻ ከ500 በላይ የሚጠቀመው ቤት እንኳ የሚከፍለው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር።

እስቲ እናስላው። 400 ዋት ፓነል በሐዋሳ ፀሐይ፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ በቀን 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። በወር 45 ይሆናል። በዚያ ታሪፍ ይህ ኃይል ለትንሹ ተጠቃሚ የ12 ብር፣ ለትልቁ ተጠቃሚ የ112 ብር መብራት ነበር። ለዚህ ብሎ ፓነል የሚገዛ ሰው የለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ስለዚህ የራሳችሁን የቅርብ ደረሰኝ ይዛችሁ 45ን በምትከፍሉት ዋጋ አባዙት። ፓነሉ ከመብራት ሒሳብ የሚቆጥብላችሁ ያንን ያህል ነው።

ተቃራኒውን ማየት ለሚፈልግ ፓኪስታን አለች። እዚያ የመብራት ዋጋ ሲንር ሰዉ ጣሪያውን በፓነል ሸፈነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 17 ጊጋዋት ገደማ ፓነል አስገቡ። የታሪፉ ጭማሪ ከየትኛውም ማበረታቻ በላይ ሠራ።

ሁለተኛው ቦታ ጉምሩክ ነው። የሶላር ዕቃ አስመጪዎች የቀረጥ እፎይታ አላቸው። ግን እፎይታው የሚሰጠው በዕቃ ዝርዝር ነው፤ የጥራት ማረጋገጫም ይጠየቃል። «ሶላር ነው» ስለተባለ ብቻ ሁሉም ነፃ አይገባም። ደግሞም እፎይታው ለአስመጪው ነው። ለእናንተ መድረስ አለመድረሱ በሱቆቹ ፉክክር ይወሰናል።

ሦስተኛው ብድር ነው። የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለሶላር አስመጪዎችና ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት ገንዘብ ሲያቀርብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ለተመሳሳይ ሥራ የ500 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት አጽድቋል። የዚህ ገንዘብ ዋና ትኩረት መስመር ያልደረሰበት ሕዝብ ነው። ሐዋሳ መሀል ቆጣሪ ላለው ቤት የታሰበ አይደለም። ትንንሽ ኪቶች በማይክሮፋይናንስ የሚገኙት፣ ትልቅ ሲስተም የሚፈልግ ግን በራሱ ኪስ የሚገዛው በዚህ የተነሳ ነው።

ከጣሪያችሁ የተረፈውን ኃይል ለመብራት ኃይል ሸጣችሁ ገቢ ማግኘትስ? ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ለ20 ዓመት የማይነካ ዋጋ ስላረጋገጠች ገበሬው ሳይቀር ጎተራውን በፓነል ሸፈነ። እኛ ጋ የዚህ ዓይነት ሕግ ረቂቅ ከዓመታት በፊት ቢዘጋጅም ሕግ ሆኖ አልወጣም። «ትርፉን ትሸጣላችሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ውሉን አሳየኝ በሉት።

3. ድጋፉ ቢቀር ምን ይሆናል? ኬንያ ሶላርን ከቫት ነፃ አድርጋ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ ነፃነቱን አነሳች፤ በ2021 መለሰችው። ስፔን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በከፈለችው ደህና ዋጋ የተነሳ በአንድ ዓመት ከ2.5 ጊጋዋት በላይ ተተከለ። መንግሥት ደንግጦ ገደብ ሲያበጅለት በቀጣዩ ዓመት ገበያው ወደቀ። ኩባንያው ሲከስር ዋስትናችሁም አብሮ ይከስራል። እኛ ጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ብር በገበያ ዋጋ ሲመራ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የቀረጥ እፎይታው እንዳለ ሆኖ የባትሪ ዋጋ ሰማይ ነካ።

4. ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? የፓነል የኃይል ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ 25 ዓመት ነው። ኪሳችሁን የሚጎዳው ባትሪው ነው።

5. ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ባትሪ አሸክሞ መመላለስ ቀልድ አይደለም።

አማራጭ አንድ፦ ትንሽ ኪት

ሁለት ወይም አራት አምፖል፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ፣ ከፍ ሲል ሬዲዮና ትንሽ ቲቪ። ባትሪው ውስጡ ነው። ገጣጥሞ ለመስቀል ባለሙያ አያስፈልግም።

ድጋፍ በደንብ የሚደርሰው ይህ ነው፤ ከቀረጥም ከብድርም። ሎካ አባያ ቆላ ውስጥ ላለ ቤተሰብ ከኩራዝና ከባትሪ ድንጋይ መገላገል ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የጥራት ነገር ግን አደራ። ቬራሶል የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥራት ማረጋገጫ የእነዚህን ኪቶች ሞዴል በስም ይዘረዝራል። ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን በስልካችሁ ፈልጉት። ከሱ ጎን ተመሳስሎ የተሠራ፣ ካርቶኑ ያማረ፣ ዋጋው ግማሽ የሆነ ዕቃ መኖሩ አይቀርም።

አንድ አደጋ አለው። ባንግላዴሽ በእንዲህ ያለ ብድር ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን ሶላር አስገባች። ዓለም አጨበጨበ። ከዚያ መስመሩ መጣ፤ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ሶላር በነፃ አደለ። በብድር የገዛው ሰው «እኔ ለምን እከፍላለሁ?» አለና ብዙው ክፍያ አቆመ። እኛም ጋ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ለማድረስ ያቀደ ነበር። የእናንተ ቀበሌ በየትኛው ወገን እንዳለ ወረዳችሁን ጠይቁ። ምሰሶ እየተተከለ ከሆነ የሦስት ዓመት ብድር ውስጥ አትግቡ። ትንሹን ኪት በእጅ በእጅ ግዙ፤ ይበቃል።

አማራጭ ሁለት፦ ኢንቨርተርና ባትሪ፣ ያለ ፓነል

ኢንቨርተር የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ስለ ሶላር ጽፎ ፓነል አትግዙ ማለት ያስቃል። ግን ሐዋሳ ከተማ ውስጥ መብራት ላለው፣ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ለሚጠፋበት ቤት እኔ የምመክረው ይህንን ነው።

ምክንያቱ ከላይ ያሰላነው ነው። የመንግሥት ድጎማ ቆጣሪው ውስጥ ካለ ባትሪያችሁን በእሱ ሙሉት። የቸገራችሁ የመብራቱ ዋጋ ሳይሆን መጥፋቱ ነው። መጥፋትን ደግሞ የሚፈታው ባትሪ ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ በወረቀት 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከሆነ (ሰዉ «ደረቅ ባትሪ» የሚለውም እዚህ ይገባል) ከግማሽ በላይ ማውጣት ዕድሜውን ያሳጥራል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 1.2 ነው። አምስት አምፖል፣ አንድ ቲቪና ዋይፋይ ይዞ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ያቆያችኋል። የእንጀራ ምጣድ ግን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል። ያንኑ ባትሪ በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ያውም ኢንቨርተሩ ከቻለው። ምጣድ የሚያስነሳ ሲስተም እንሸጣለን የሚሏችሁን ዋጋውን ብቻ ጠይቃችሁ ውጡ።

ሊቲየም ከተባለው ከ80 እስከ 90 በመቶውን ይሰጣል። ይህ ማለት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም 200 አምፒር ሰዓት ደረቅ ባትሪን ለመተካት ይቃረባል ማለት ነው። ዋጋ ስታወዳድሩ 200 ከ200 አታወዳድሩ። በየቀኑ የሚሠራ ደረቅ ባትሪ ከሁለት እስከ አራት ዓመት፣ ደህና ሊቲየም ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሁለቱንም ዋጋ በዓመቱ አካፍሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሊቲየም ያሸንፋል። ገንዘቡ ከሌለ ግን ሒሳቡ ማሸነፉ አይረዳም። ያን ጊዜ ደረቁን ግዙና መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ነቅላችሁ አቆዩት።

ኢንቨርተሩን ስትመርጡ ሁለት ነገር ያዙ። ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ ቆጣሪው መብራት ንጹሕ ሞገድ የሚያወጣ) ይሁን፤ ሌላው ዓይነት የፍሪጅ ሞተር ሊያቃጥል ይችላል። የፓነል መግቢያ ያለው ሀይብሪድም ይሁን። ታሪፉ እየጨመረ ስለሆነ ነገ ፓነል ልትጨምሩ ትችላላችሁ።

አማራጭ ሦስት፦ ፓነል፣ ባትሪና ኢንቨርተር አንድ ላይ

ይህ ቀን ቀን ሲጠፋበት ገንዘብ ለሚያጣ ሰው ነው። ፀጉር ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ክሊኒክ፣ ፔንሲዮን። እዚህ ተፎካካሪው መብራት ኃይል አይደለም፤ ጄኔሬተር ነው። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ስለተነሳ ጄኔሬተር ማስነሳት በየዓመቱ እየከበደ መጥቷል። መንግሥት ለሶላር ያደረገው ትልቁ ውለታ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ያውም ሳያስበው።

ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ነው። ባለፈው ወር ለነዳጅ ስንት አወጣችሁ? የጄኔሬተሩን ዘይትና ጥገና ጨምሩበት። በዓመት አባዙት። ሲስተሙ ከዚያ ሦስት ወይም አራት እጥፍ በታች ከሆነ ግቡበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የሚጠፋባችሁ ሰዓት ትንሽ ነው ማለት ነው፤ ወደ አማራጭ ሁለት ተመለሱ።

ስለ ጣሪያው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፓነሉ ብዙ መዘንበል አያስፈልገውም። ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል፤ እሱም ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥብ ነው። ዛፍ ያስቸግራል። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ አብረው የተያያዙትን ፓነሎች ሁሉ ኃይል ሊቀንስ ይችላል። ሐይቁ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ አትርሱ። አንድ ጊዜ ጣሪያችሁን ከለመደ ፓነሉን በየሳምንቱ ማጠብ የእናንተ ሥራ ነው። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሁላና አርቤጎና ላሉ ደጋ ቦታዎች፣ ምርቱ ይቀንሳል። ሻጩ የበጋውን ቁጥር ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

አማራጭ አራት፦ የሶላር ፓምፕ

ለአትክልት አምራች ከአራቱ በጣም የሚያዋጣው ይህ ይመስለኛል። ባትሪ የለውም። ፀሐይ ሲኖር ውሃ ይስባል፤ ውሃው ሮቶ ውስጥ ይጠራቀማል። ቶሎ የሚሞተው ክፍል ከሌለ የዓመት ወጪው በጣም ይወርዳል።

ድጋፉም ከሌላ በር ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የግብርና ሜካናይዜሽንና የመስኖ ዕቃዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ ወስኗል። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ ፓምፑ በመስኖ ዕቃነት ነው ወይስ በሶላር ዕቃነት የገባው በሉ። ለብድር ደግሞ የካፒታል ዕቃ ሊዝ (አበዳሪው ዕቃውን ገዝቶ በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ የሚሰጥበት) አለ፤ ፓምፑ ራሱ መያዣ ይሆናል። ቤትና ካርታ ለሌለው ወጣት ማኅበር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ከማይክሮፋይናንስ የተነሱት ኦሞ ባንክና ሲዳማ ባንክም እዚሁ ሐዋሳ ናቸው፤ ሄዶ መጠየቅ አይጎዳም።

ጥንቃቄው ከውሃው ነው። ነዳጅ የማይበላ ፓምፕ አጥፉኝ አይልም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረችው ፕሮግራም የፓምፑን ዋጋ እስከ 60 በመቶ ስለሚሸፍን የከርሰ ምድር ውሃ ጉዳይ እዚያ ክርክር ሆኗል። የሐዋሳ ሐይቅም ወደ ሌላ የሚፈስበት መውጫ የለውም። ዶሬ ባፈኖ ላይ የተረጨ ማዳበሪያ ተመልሶ የሚገባው ወደዚያው ነው።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | ለማን | ድጋፉ የሚመጣበት | ድጋፉ ቢቀር | ቶሎ የሚያልቀው |
|---|---|---|---|---|
| ትንሽ ኪት | መስመር ላልደረሰው ገጠር | ቀረጥ፣ ማይክሮፋይናንስ | ዋጋው ይጨምራል፣ ብድሩ ይጠፋል | የውስጥ ባትሪ |
| ኢንቨርተርና ባትሪ | ለከተማ ቤት | ርካሽ የመብራት ታሪፍ | ፓነል መጨመር ያዋጣል | ባትሪ |
| ሙሉ ሲስተም | ቀን ለሚሠራ ንግድ | ከፊል የቀረጥ እፎይታ፤ የነዳጅ መወደድ | ብዙ አይነካውም፤ ዶላር ግን ይነካዋል | ባትሪ |
| የሶላር ፓምፕ | ለመስኖ አምራች | የመስኖ ዕቃ ነፃነት፣ ሊዝ | መግዣው ይወደዳል፣ ሥራው አይነካም | ፓምፑ፣ ውሃው አሸዋ ካለው |

እንደ ኪሳችሁ

በጣም ትንሽ ገንዘብ ካላችሁና ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ምንም ሲስተም አትግዙ። ሲጠፋ የሚበራ ቻርጅ አምፖልና የዋይፋይ ትንሽ ባትሪ የቤቱን ግማሽ ችግር ይፈታሉ።

መካከለኛ ከሆነ ኢንቨርተሩን ጥሩ ግዙ፤ ባትሪውን በአቅማችሁ። ኢንቨርተር ላይ የቆጠበ ሰው ሁለት ጊዜ ይገዛል። ሁለት የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ባትሪዎች ግን አታገናኙ፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይሞታል።

ደህና ገንዘብ ያላችሁ ነጋዴዎች ደግሞ ፓነሉን ከባትሪው አስበልጡ። ቀን የምትሠሩ ከሆነ ኃይሉ ከጣሪያ በቀጥታ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ባትሪው የደመና ሰዓት ብቻ ይሸፍናል። ሻጮች የሚገፉት በተቃራኒው ነው። ባትሪ ቶሎ ያልቃል፤ እናንተም ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ።

የተከራየ ቤት ውስጥ ላላችሁ፣ ጣሪያ ላይ የሚበሳ ነገር አትጀምሩ። አማራጭ ሁለት በባጃጅ ተጭኖ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት የባትሪውን የምርት ቀን እዩ፤ መጋዘን የከረመ ደረቅ ባትሪ ሳይሠራ ያረጃል። ዋስትናው የሱቁ ነው ወይስ የአስመጪው፣ በጽሑፍ ይሁን። ቅድሚያ ከከፈላችሁና ዕቃው ገና በመንገድ ላይ ከሆነ ዶላር ቢጨምር ዋጋው እንደማይለወጥ ውሉ ላይ ይግባ። ሲስተሙን ከቆጣሪው ጋር የሚያገናኘው ሰው ደግሞ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሁን። መብራት በጠፋ ሰዓት የእናንተ ኢንቨርተር ወደ መስመሩ ከገፋ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።